የክቡር አቶ ትእዛዙ ጋቢ

በዚህ አገር ውሃ የሌለው ቀበሌ አለ። መንገድ የሌለው ቀበሌ አለ። ትምህርት ቤት ኖሮት ጣሪያ የሌለው ቀበሌም አይቻለሁ። ተናጋሪ የሌለው ቀበሌ ግን በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። አለ የሚል ሰው ካለ ተነሥቶ ያስረዳ፤ የዚያ ቀበሌ ተናጋሪ እሱ ነው ማለት ነው።

ተናጋሪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዕድር ላይ "አንድ ደቂቃ ብቻ" ብሎ ተነሥቶ ንፍሮው እስኪቀዘቅዝ የሚቆመው እሱ ነው። "ወደ ማጠቃለያዬ ስመጣ" ብሎ ከማጠቃለያው የሚርቀውም እሱ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣላችሁ ግን ተራውን ተናጋሪ አይደለም። የተናጋሪዎችን ሁሉ ራስ ቢትወደድ፣ ክቡር አቶ ትእዛዙን ነው።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከሰቆጣ ወዲያ ወይራ አምባ በምትባል ቀበሌ መምህር ሳለሁ ነው። ወረዳውን በስም አልጠራውም። የዚያን ጊዜ ሹሞች አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ መልስ የመስጠት መብታቸውን ልጠቀም ቢሉ ጋዜጣው አይበቃቸውም።

ክቡር አቶ ትእዛዙ የወረዳው ሹም ነበሩ። የሹመታቸው ስም በየዓመቱ ይለወጣል። አንድ ጊዜ የቅስቀሳ ኃላፊ፣ አንድ ጊዜ የሕዝብ ንቅናቄ አስተባባሪ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እሳቸውም አንብበው የማይጨርሱት ረጅም ስም ነበረው። ሥራው ግን መናገር ነው። ቡናማ ኮታቸውን በበጋም በክረምትም አያወልቁም። ደረት ኪሳቸው ላይ እስክሪብቶ ተሰልፎ ይታያል፤ ሲጽፉ ግን ያየ የለም። ትውልዳቸው እዚያው ወይራ አምባ ስለሆነ ከሁሉ ቀበሌ አስበልጠው የሚጎበኙን እኛን ነበር። ሌሎቹ ቀበሌዎች በዚህ አይቀኑም ነበር።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያቆራኘኝ የድምፅ ማጉያ ነው። ትምህርት ቤታችን ለጠዋት ሰልፍ የተሰጠችው አንዲት የእጅ ድምፅ ማጉያ ነበረችው፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ክቡርነታቸው በመጡ ቁጥር ማጉያዋን ይዤ፣ ባትሪዋን ፀሐይ አሙቄ እቀርባለሁ። ባትሪው መሐል ላይ ሲያልቅ ሕዝቡ በአንድነት "እፎይ" ይላል። እሳቸው ግን "ችግር የለም! የሕዝብ ድምፅ ባትሪ አይፈልግም!" ብለው ይቀጥላሉ።

የንግግራቸው መንገድ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የዓለም ሁኔታ ይታያል። ከዚያ የአፍሪካ፣ ከዚያ የአገሪቱ፣ ከዚያ የክልሉ፣ ከዚያ የዞኑ፣ ከዚያ የወረዳው። ቀበሌያችን የምትነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተነሥታ ግን አታውቅም። ዞኑ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ትዘቀዝቃለች፤ ከብት ይገባል፤ ሰውም ይበተናል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ በሰዓቱ አይመጣም። ሜዳው ዳር ቆሞ ቀድሞ የመጣውን በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ይጠይቃል፤ "የት ደረሱ?"

"ገና አፍሪካ ናቸው።"

"እንግዲያስ በሬዎቼን ውሃ አጠጥቼ ልምጣ።"

ሴቶቹ የበለጠ ብልሆች ነበሩ። እንዝርትና ባዘቶ ይዘው ይመጡና ሲፈትሉ ይውላሉ። የእነሱ አለቃ እሜቴ ወለተ ሰንበት ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሠርካለም የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ያለቻቸው ሴት። "የትእዛዙ ንግግር ለቀጭን ፈትል የተመቸ ነው" ይሉ ነበር። "አያስደነግጥ፣ አያስቅ፤ እጅ አይስት።" ንግግሩን የሚለኩትም በፈትል ነው። አንድ ቀን ከስብሰባ ስንወጣ ልቃቂታቸውን እያገላበጡ፣ "ዛሬስ የጋቢ ጥለት ተናገረ" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው የማይናገሩበት ቦታ የለም። ሠርካለም ቅጣው የሚባል ጨዋ ገበሬ ስታገባ፣ ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ሳለች "አንዴ ዕድል ይሰጠኝ" ብለው ተነሡ። ከዓለም ሁኔታ ተነሥተው የጋብቻን አገራዊ ፋይዳ ሲያብራሩ በቅሎይቱ ተንበረከከችና ተኛች። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ተሸክመው አወረዱ። ክቡርነታቸው "እንዲህ ነው ኅብረት!" ብለው አጨበጨቡ።

ሌላ ጊዜ ዝናብ ጠፍቶ ሕዝቡ ምህላ ያዘ፤ የኪዳነ ምሕረት ታቦት ወጣች፤ በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ክቡርነታቸው በበነጋው መጥተው፣ "ከዚህ አንጻር ሲታይ ዝናቡ በያዝነው ዕቅድ መሠረት ነው የጣለው" አሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ገብረ አማኑኤል ከመቋሚያቸው ላይ ቀና ብለው፣ "ልጀ፣ እንዲህ ከሆነ ዕቅዳችሁን ለኪዳነ ምሕረትም አሳውቋት እንጅ። እሷ ሳትሰማ ነው የለመነችልን" አሏቸው።

የመሠረት ድንጋይ ደግሞ ሱሳቸው ነው። የወፍጮ ቤት መሠረት ድንጋይ፣ የድልድይ መሠረት ድንጋይ፣ የከብት ሕክምና መሠረት ድንጋይ ጣሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ገበሬው ማጭዱን እየሳለባቸው ድንጋዮቹ መሐላቸው ጎደጎደ። የወፍጮ ቤቱ ድንጋይ በነጭ ቀለም ተቀብቶ ባንዲራ ስለተተከለበት፣ ከጎረቤታችን ወረዳ ከዝቋላ ፍየል እየነዱ ለገበያ የሚያልፉ መንገደኞች የደብር ወሰን መስሏቸው ይሳለሙት ነበር። እኛም አላረምናቸውም። ከተቀመጠ ጀምሮ ድንጋዩ ላይ የተሠራ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነን አንድ ነገር ነበር፤ ምርቃት። በእኛ አገር ስብሰባን የሚዘጋው ሰብሳቢው አይደለም። ሽማግሌ ወይም ቄስ ተነሥቶ እጁን ሲዘረጋ ሕዝቡ ሁሉ ይቆማል፤ "አሜን" ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገር አፍ የለም። ሳይመረቅ የሚነሣም የለም። ሳይመረቅ ተነሥቶ የሄደ ሰው መንገድ ላይ እግሩን ቢሰበር አዛኝ አያገኝም፤ "ማን ሳትመረቅ ሂድ አለው" ነው የሚባል። አባ ገብረ አማኑኤል ይህን መሣሪያ ያውቁበታል። ሕዝቡ ሲዝል ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ፤ ክቡር አቶ ትእዛዙ ይደነግጡና "ወደ ማጠቃለያዬ ስመጣ" ማለት ይጀምራሉ፤ አባ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሥተዋል። "የምድር በረከት፣ የሰማይ ጠል ይስጣችሁ!" "አሜን!" መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥለው በኽምጣና ይመርቃሉ። ክቡርነታቸው አፋቸው ላይ የቀረውን ዞንና ወረዳ ውጠው "አሜን" ይላሉ። እንዲህ ስንሳሳቅ ኖርን።

የማያስቀው ነገር ክሊኒኩ ነው።

ክሊኒኩ የመሠረት ድንጋይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ተሠራ። ሕዝቡ በምግብ ለሥራ ድንጋዩን ተሸክሞ፣ አሸዋውን ከወንዝ በአህያ አውጥቶ፣ ቆርቆሮው መጥቶ፣ በሩ ተገጥሞ፣ አለቀ። ሪባን ተቆረጠ፤ ክቡርነታቸው እስከ ዞን ድረስ ተናገሩ። ከዚያ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉም ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከእስክሪብቶዎቹ ጋር ገባ። ነርስ የለችም። "ተመድባለች" አሉን። መድኃኒቱስ? "ተፈቅዷል።" ታዲያ የት አሉ? "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።" ነርሷም መድኃኒቱም ከተማ ቁጭ ብለው መኪና ይጠብቃሉ። ወረዳው ያለው አንድ መኪና ነው፤ እሱም ባለሥልጣኖችን ይዞ ከምረቃ ወደ ምረቃ ይዞራል።

ሠርካለም የመጀመሪያ ምጧ የመጣባት ያ በር ተቆልፎ ሳለ ነው። ክረምት ነበር። የመንደሩ ልምድ አዋላጅ "ከአቅሜ በላይ ነው" አለች። ቅጣውና ጎረቤቶቹ ቃሬዛ አሰሩ፤ ወደ ሰቆጣ መንገድ ገባን። እኔም ከተሸካሚዎቹ ጋር ነበርኩ። ክቡር አቶ ትእዛዙ ለስብሰባ መጥተው ነበርና ቡናማ ኮታቸውን እንደለበሱ አንዱን ጫፍ ያዙ። ያን ቀን ክብራቸውን ከስብሰባው ሜዳ ትተውት ነው የመጡት፤ ስለዚህ እኔም አንቱታውን ለጊዜው ላንሣ። ትእዛዙ ተሸከመ። መንገዱ በክሊኒኩ በር ላይ ያልፋል፤ የተቆረጠው ሪባን ዝናብ እየመታው አሁንም ተንጠልጥሎ ነበር። ትእዛዙ በሩን አየ፤ ደረት ኪሱን በአንድ እጁ ያዝ አደረገ፤ አለፍን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ሠርካለም ስትጮህ ሁላችንም "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እንላለን። ትእዛዙ ግን ሰቆጣ እስክንገባ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ሠርካለም ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

በዓመቱ ሠርካለም ደግማ ጸነሰች። ወሯ እየገፋ ሲሄድ ቀበሌው ሁሉ አብሯት አማጠ ማለት ይቻላል። እሜቴ ወለተ ሰንበት ጠዋት ማታ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ናቸው። ቅጣው ቃሬዛው የተሠራበትን እንጨት ከጓሮው አውጥቶ ሲያጠብቀው አየሁት። በሩ አሁንም እንደተቆለፈ ነው።

ይህ በሆነበት ሰሞን ከበላይ አንድ ትልቅ እንግዳ ሊመጡልን መሆኑ ተነገረ። ለምን? ክሊኒኩን ለመመረቅ። ተመርቋል እኮ ብንል፣ "ያ የወረዳ ደረጃ ነው፤ ይኸ ከፍ ያለ ነው" ተባልን። ዳስ ተጣለ፤ አዲስ ሪባን ተገዛ። በቀኑ ነጭ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ነጂው ምሳው የሚባል የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የገብርኤልን ሥዕል ለጥፏል።

እንግዳው ሪባኑን ቆረጡ። በሩ ግን አልተከፈተም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ መክፈት አያስፈልግም ተባለ። እንግዳው አጠር ያለ፣ ያማረ ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ እሜቴ ወለተ ሰንበት እንዝርታቸውን እንደያዙ ተነሡ።

"ጌታዬ፣ ነርሷስ?"

"እናቴ፣ ተመድባለች። መኪና አጥተን ነው። ያለን አንድ መኪና ነው፤ እሱም..." አሉና እንግዳው ወደ ዛፉ ጥላ ዞር አሉ። ነጩ መኪና ጥላው ሥር ቆሟል። ሕዝቡም ሁሉ ዞሮ መኪናውን አየ።

እንግዳው ፈጠን ብለው፣ "በሂደት ይፈታል። አባታችን ይመርቁንና እንነሣ፤ መንገድ አለብን" አሉ።

አባ ገብረ አማኑኤል አልተነሡም።

"አባታችን?"

"ምን ብዬ ልመርቅ ጌታዬ?" አሉ አባ፣ በለሰለሰ ድምፅ። "ለሙሽራ ውለጅ ክበጅ እላለሁ። ለገበሬ ጎተራህ ይሙላ እላለሁ። ለተቆለፈ ቤት የሚባል ምርቃት እስካሁን አልተማርሁም።"

እንግዳው ሳቁ፤ ማንም አብሯቸው አልሳቀም። ተነሡ፤ ማንም አብሯቸው አልተነሣም። ብቻቸውን ወደ መኪናው ሄደው ገቡ። ምሳው ግን በሩን ይዞ ቆሟል።

"ግባ እንጂ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። ይችን ቁልቁለት ሳልመረቅ ወርጄ አላውቅም።"

"እኔ የምልህን ስማ!"

"እኔ እሰማለሁ ጌታዬ፤ ቁልቁለቱ ግን አይሰማም።"

ያን ቁልቁለት ላላየ ሰው ይህ ድፍረት ይመስላል። እኔ አይቼዋለሁ፤ ምሳው ልክ ነው። እንግዳው ከመኪናው ወርደው በንዴት ወደ ክቡር አቶ ትእዛዙ ዞሩ። "አንተ የአገሩ ልጅ ነህ፤ አንድ ነገር በላቸው እንጂ!"

እኔ በልማድ ድምፅ ማጉያዋን አቀበልኳቸው። በሕይወታቸው ሙሉ ሳይጠየቁ የተናገሩ ሰው ዛሬ ተናገር ተባሉ፤ ያውም በትልቅ ሰው! ክቡርነታቸው ማጉያዋን አልተቀበሉኝም። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ክቡርነትዎ፣ ባህል ነው፤ እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ?" አሉና ተቀመጡ። እጄ ተንጠልጥሎ ቀረ። ድሮ አባ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የሚደነግጡ ሰው፣ ዛሬ አባ ዝም ሲሉ ጭራሽ ፊታቸው የበራ መሰለኝ።

ያን ጊዜ አባ መፍትሔ አመጡ። "ሾፌሩን ብቻውን ልመርቀው" አሉ። "ይሂድና ነርሷን ከነመድኃኒቷ ያምጣ። እሷ ስትገባ እርስዎንም፣ ቤቱንም፣ ሁላችንንም እመርቃለሁ።"

እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። ፀሐዩን አዩ። ንቅንቅ ያላለውን ሕዝብ አዩ። መጨረሻ ላይ እሜቴ ወለተ ሰንበትን አዩና ወደ ምሳው ዞሩ።

"በል ሂድ!"

በወረዳችን ከተደረጉ ንግግሮች ሁሉ አጭሩ ያ ነው። ሥራ የሠራውም እሱው ነው።

አባ ምሳውን በአማርኛ መረቁት፣ በኽምጣና ደገሙለት፣ መኪናውንም በመስቀላቸው ባረኩት፤ ወረደ። ከተማ ደርሶ እስኪመለስ ግን ቀኑ ግማሽ ይሄዳል። እንግዳው ጠላ ቀረበላቸው፤ ቀመሱ። ተቀመጡ፤ ተነሡ። "በእግሬም ቢሆን እወርዳለሁ፤ መንገድ ላይ ይቀበለኛል" ማለት ጀመሩ። እሳቸው ከሄዱ ምሳው መንገድ ላይ እሳቸውን ጭኖ እንደሚመለስ፣ ነርሷም ተመልሳ ከተማ እንደምትገባ ሁላችንም ገብቶናል። ቅጣው ፊቱ አመድ መሰለ።

ይህን ጊዜ ክቡር አቶ ትእዛዙ ብድግ አሉና ማጉያዋን ከእጄ መነጨቁ።

"ከዚህ አንጻር ሲታይ" አሉ፣ "በዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ሁኔታ..."

ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ አጨበጨበ።

እንግዳውን እንዴት እንደያዟቸው ልንገራችሁ። ዓለም ላይ ሲደርሱ እንግዳው ለዓለም ያበረከቱትን አነሡ። አፍሪካ ላይ ሲደርሱ እንግዳው ለአፍሪካ ያላቸውን ራእይ ዘረዘሩ። የራሱን ውዳሴ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ገና አልተወለደም፤ እንግዳው ቀስ እያሉ ተመልሰው ተቀመጡ፤ አልፎ አልፎም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባትሪው አለቀ። "የሕዝብ ድምፅ ባትሪ አይፈልግም!" አገሩን ጨረሱ፤ ክልሉን ጨረሱ። ድምፃቸው ሻከረ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወረደ፤ ኮታቸውን ግን አላወለቁም። እንዝርቱ ይሽከረከራል። ወሬ ቢያበዙት በአህያ አይጫንም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ወሬ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ጊዜ ይገዛላት ነበርና ይብዛ አልን። ዞኑን ጨረሱ። ወረዳውን ጨረሱ።

ሰውየው ቀበሌያችን ደረሱ! በእኛ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም በቀን ብርሃን።

"ቀበሌያችንን ስናይ..." አሉና ቆሙ። እንደ እኔ ግምት ከዚህ በኋላ የሚባለውን አዘጋጅተውት አያውቁም። ሕዝቡን አዩ፤ ዳሱ ጥግ ምሰሶ ተደግፋ የተቀመጠችውን ሠርካለምን አዩ። "ቀበሌያችን ውስጥ" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰባብሮ፣ "ወሯ የገባ እኅት አለችን። በቃ፤ እሱ ነው ያለን ጉዳይ።" ተቀመጡ።

ከቁልቁለቱ ሥር የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ የሁሉም ሰው ጆሮ አንድ ላይ ቆመ።

ነርሷ ሲስተር መሰረት ትባላለች። ከመኪናው ወረደች፤ አቧራዋን አራገፈች፤ ለማንም ንግግር አላደረገችም። "ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አለች። ክቡር አቶ ትእዛዙ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ቁልፉን በችኮላ ሲያወጡ እስክሪብቶዎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። በሩ ተከፈተ። መድኃኒቱ በካርቶን ገባ። ከዚያ አባ ገብረ አማኑኤል ተነሡ፤ እኛም ተነሣን፤ "አሜን" ስንል ዳሱ ተነቃነቀ። ከእንግዳው ትከሻ ላይም አንድ ነገር የወረደላቸው ይመስል ነበር። ሲሄዱ እሜቴ ወለተ ሰንበትን ጨብጠው፣ "ይቅናችሁ እናቴ" አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት።

ሠርካለም ብዙ ሳትቆይ በዚያው ክሊኒክ ወለደች። ምጡ ቀላል አልነበረም፤ ጠዋት ገብታ ከሰዓት በኋላ ድረስ ደጅ ላይ ቆመን አሳራችንን በላን። ሲስተር መሰረት ብቅ ብላ "ሴት ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው" ስትል እልልታው ተራራውን ዞረው። ቅጣው መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ ልቤ የረጋበት ቀን የለም፤ ለሳምንት ያህል የተናደድኩበት ተማሪ እንኳ አልነበረም። ክቡርነታቸው ክሊኒኩ ግድግዳ ሥር ቆመው "ከዚህ አንጻር..." አሉና በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በማግሥቱ አባ ገብረ አማኑኤልን ጠየቅኋቸው። "አባ፣ ምርቃት መከልከሉን እንዴት አሰቡት?"

"እኔ ምን ቁርጥ አድርጎኝ!" አሉ። "ለአንድ ሰው እንኳ ምርቃት ከልክዬ አላውቅም። ትእዛዙ ነው። በዋዜማው መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። 'አባቴ፣ ነገ አይመርቁ፤ በሩ ሳይከፈት አይመርቁ' አለኝ። 'አንተው ተናገር እንጅ፣ አፍ አለህ' ብለው፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እኔ ብዙ ተናግሬአለሁ አባቴ፤ ማን ይሰማኛል? የእርስዎ ዝምታ ነው የሚሰማ' አለኝ።"

"ሾፌሩንስ?"

"ሾፌሩማ የራሱ እምነት ነው። እሱን ያመጣው ገብርኤል ነው።"

ከዚያ ወዲህ ትእዛዙን ክቡር ስላቸው፣ አንቱ ስላቸው፣ ከልቤ ነው።

ግምገማ አልቀረላቸውም። "ለኋላ ቀር ባህል ተንበርክኮ የበላይ እንግዳን አጉላልቷል" ተባሉ። ግለ ሂስ አድርግ ቢሏቸው ከዓለም ሁኔታ ጀመሩ። ገማጋሚዎቹ አፍሪካ ሳይደርሱ ውሳኔ አሳለፉ፤ ወደ አበርገሌ ቆላ ዝቅ ባለ ሥራ ተዛወሩ። የሚሄዱበት ሳምንት የሠርካለም ልጅ ክርስትና የምትነሣበት ሆነ። ስሟ ወለተጊዮርጊስ ተባለ፤ አጥምቀው ያወጡላት አባ ናቸው።

ድግሱ ላይ እሜቴ ወለተ ሰንበት ከጓዳ አንድ ነገር ታቅፈው ወጡ። ድርብ ጋቢ ነው፤ ነጭ፣ ጥለቱ ቀጭን። ክቡር አቶ ትእዛዙ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት።

"እሜቴ፣ ምነው? አበርገሌ እኮ ሙቀት ነው" አሉ ክቡርነታቸው ተደናግጠው። "ይኸን የመሰለ ፈትል ለእኔ?"

"ያንተው ነው" አሉ እሜቴ። "ንግግርህ ነው ልጀ። እስከ ዛሬ የተናገርኸውን ሁሉ ፈትየዋለሁ፤ አንዲት አልጣልሁም። ጥለቱ የዚያን ቀኑ ነው፤ ነርሷ የመጣች ዕለት የተናገርኸው። እሱ ነው ያማረ።"

ክቡርነታቸው ጋቢውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሊመጣ ነው።

"አንዴ... ዕድል ይሰጠኝ" አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ አባ ገብረ አማኑኤል ዞረ። አባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ፤ መቋሚያቸውን ግን ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ተመቻችተው ተቀመጡ። "ተዉት፣ ይናገር" አሉ። "ከዓለም ይጀምር።"

ሴቶቹ እንዝርታቸውን አወጡ። ማጉያዋ ባትሪ አልነበራትም። እኔ ተነሥቼ ቤቴ ሄድኩ፤ ከራሴ ሬዲዮ ላይ ሁለቱን አዲስ ባትሪ አውልቄ፣ አፍሪካ ሳይደርሱ ለመድረስ እየሮጥኩ ተመለስኩ።